ሙያ በልብ አይደለም

ይህ ባለፈው ሰሞን ጅማ ውስጥ፣ የቴክኒክና ሙያ አሰልጣኞች በተሰበሰቡበት አዳራሽ የተናገርኩት ነው። ወረቀት አልያዝኩም ነበር። አንዷ ልጅ በስልኳ ቀድታው ኖሮ ላከችልኝ፤ እሱን እያዳመጥኩ ጻፍኩት። መብራት ሲጠፋ የተንጫጫነውንና እኔ "እ... እ..." ያልኩበትን አውጥቻለሁ። ሌላው እንዳለ ነው።

እንደምን ዋላችሁ። አካም ኦልታን።

ሲጋብዙኝ "ስለ አርአያ አሰልጣኞች ትናገሪልናለሽ" ነው የተባልኩት። እኔ ንግግር አዋቂ አይደለሁም፤ የማውቀው እንጨት ነው። ኮቺ አካባቢ አንዲት ወርክሾፕ አለችኝ። በር፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን እንሠራለን፤ የሰርግ ሰሞን ደግሞ ሌሊቱንም እንሠራለን። ትናንት ማታ ምን ልበል እያልኩ አመሸሁ። ሲያቅተኝ ይህን ሳጥን ተሸክሜ መጣሁ። የባጃጁ ልጅ "እቱ፣ ምንድነው የያዝሽው?" ቢለኝ "ብልሽት ነው" አልኩት። እስክንደርስ ድረስ በመስታወቱ እያየኝ ዝም አለ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። በኋላ እከፍተዋለሁ።

"ሙያ በልብ ነው" እንላለን። ትርጉሙ ጥሩ ነው፤ አትኩራራ፣ ችሎታህን በሥራ አሳይ እንደማለት ነው። ግን ይቺ ተረት ሌላም ሥራ ሠርታለች። ባለሙያው ዋናዋን ብልሃት ልቡ ውስጥ ቆልፎ እንዲሞት ፈቃድ ሰጥታዋለች። ልጅ ሆኜ ሂርማታ ገበያ አጠገብ አንድ እንጨት ሠሪ ሽማግሌ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቆመን እናያቸዋለን። ሲልጉ ዝም ይሉናል፣ ሲቆርጡ ዝም ይሉናል፤ ቀለም ሊበጠብጡ ሲሉ ግን ጀርባቸውን ይሰጡናል። አብሯቸው የሚሠራውን ልጅ እንኳ ያን ሰዓት ሻይ አምጣ ብለው ይልኩታል። ሰውዬው ሲያርፉ ቀለሙም አብሮ ተቀበረ። እስከ ዛሬ አሮጌ ቤት ገብቼ የእሳቸውን ቁም ሳጥን ካገኘሁ፣ ባለቤቱ ዘወር ሲልልኝ፣ በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አሸተዋለሁ። ምን እንደሚጨምሩበት አላወቅኩም።

አልፈርድባቸውም። በዚህች አገር የእጅ ሥራ የያዘ ሰው ያለችው ያቺው ብልሃት ነበረች። ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ቀን ማረሻውን ሠርቶ የሚሰጠውን ሰው ማታ ጅብ ይሆናል እያሉ የሚያሙት እኛው ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ካስፈለገው ስድቡ ምን ያህል ይሆን ነበር ብላችሁ አስቡት። እንዲህ የተዋረደ ሰው ብልሃቱን ቢደብቅ ይገርማል?

አሁን "ጠይብ" የሚል ብዙም የለም። አሁን ያለው "ወድቀሽ ነው?" የሚለው ነው። ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ቴክኒክና ሙያ ገባሁ ስትሉ የምትሰሟት የመጀመሪያዋ ጥያቄ። እስቲ ቁጥሩን እዩት። 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ምናምኑን "ወዳቂ" የሚል ቃል፣ ቃሉ ራሱ ቢፈተን የሚያልፍ ይመስላችኋል? እነዚህ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው የሚገቡት በእናንተ በር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራችሁ ቴክኒክ አይደለም፤ አንገት ማቅናት ነው። ይህን ደግሞ በሪፖርት ላይ የምትሞሉበት ሳጥን የለም።

የኔ ጊዜ መለያው 10ኛ ክፍል ነበር። እናቴ ልብስ ስፌት ብገባላት ደስ ይላት ነበር፤ እኔ እንጨት ሥራ ገባሁ። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። አሰልጣኛችን... ስማቸውን እንዳልጠራ አስምለውኛል፣ እዚሁ ስላሉ። ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ዞር እያላችሁ አትፈልጓቸው!

የመጀመሪያው ቀን መሮም መጋዝም አላስያዙንም። አንድ መሳቢያ ጎትተው ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። የእንጨት ቁርጥራጭ ነው። የተሰነጠቀ፣ የጠመመ፣ ልኩ የሳተ፣ ኮላው የለቀቀ። እያንዳንዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ቀንና ምክንያት ተጽፎበታል። "ይህ የማነው?" አልን። "አብዛኛው የኔ ነው" አሉ። "ጥሩ ጥሩውን ሰው ገዝቶ ወሰደው። እኔ ጋ የቀረው ይሄ ነው።" ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ አንዷን አንስተው ለምን እንደተሰነጠቀች ማስረዳት ጀመሩ፣ ከእሷ ወደ ሌላዋ፣ ከሌላዋ ወደ ሌላዋ፣ እንዲህ እያሉ ግማሽ ቀን አለቀ። ያን ቀን አስተማሪ የራሱን ጥፋት ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ሲያሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ከወር በኋላ የኔ ተራ ደረሰ። የወንበር እግር ነው፤ ጫፉን በሁለት በኩል ቆርጠሽ ታቀጥኚውና ሌላው እንጨት ላይ በተበሳው ቀዳዳ ታስገቢዋለሽ። ውፍረቱ 12 ሚሊ እንዲሆን በእርሳስ መስመር አስምሬ፣ ሞርሳው ላይ አስሬ፣ ቆረጥኩ። ዋንዛ ነው! ጥድ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ዋንዛው ደግሞ የመጨረሻው ነበር፤ ሌላ እስኪገዛ ሳምንታት ይፈጃል። ቆርጬ ሳስገባው ቀዳዳው ውስጥ ተወዛወዘ። እጄ ቀዘቀዘ። ከዚያ በፊት በነበረው ትምህርት ቤት አንዲት መስመር ለሳትኩባት በማስመሪያ ጀርባ የተመታሁ ልጅ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ዋንዛ!

ጋሼ መጡ። እንጨቱን አላዩም፣ እኔንም አላዩም። ሜትሩን ሰጡኝ።

"ስንት ነው?"

"ዘጠኝ።"

"ስንት መሆን ነበረበት?"

"አስራ ሁለት።"

"ሦስቱ ሚሊ የት ሄደ?"

ዝም አልኩ። እንደገና ጠየቁኝ፤ ድምፃቸውን ሳይለውጡ። "ልጄ፣ ሦስት ሚሊ ዋንዛ ነበር። አሁን የለም። የት ሄደ?" ዓይኔን ሰበር ሳደርግ ጫማዬ ላይ ሰጋቱራው ተኝቷል። ያኔ ገባኝ። መጋዝ ውፍረት አለው። መጋዜ አንድ ሚሊ ተኩል ይበላል፤ እኔ በሁለቱም በኩል ከመስመሩ ወደ ውስጥ ገብቼ ነው የቆረጥኩት፤ አንድ ተኩልና አንድ ተኩል ሦስት። መቁረጥ ያለብኝ ከመስመሩ ውጪ፣ በሚጣለው እንጨት በኩል ነበር።

"ጫማዬ ላይ ነው" አልኳቸው።

"ጋሪዳ" አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ቀይ እስክሪብቶ አወጡ፣ እንጨቱን ሰጡኝና "ጻፊበት" አሉኝ። ጻፍኩ። መሳቢያው ውስጥ ከእሳቸው ብልሽቶች አጠገብ አስቀመጡት። እኔ ዕድሜ ልኬን ለደንበኛ በር ስሠራ፣ ለሙሽራ አልጋ ስሠራ ኖሬ፣ ያን ቀን የተሰማኝን ዓይነት ክብር ብዙ ጊዜ አላገኘሁም። ጥፋቴ ከአስተማሪዬ ጥፋት ጋር አንድ መሳቢያ ገባ እኮ!

ስለዚህ ዛሬ "አርአያ አሰልጣኝ ማነው?" ስትሉኝ መልሴ አጭር ነው። ሲያበላሽ ያሳየ። ስናበላሽ ደግሞ ጥሎን ያልሄደ። ሌላው ሁሉ ይመጣል።

ይህን ነገር አንዴ ከያዝኩት በኋላ የድሮ ታሪክ ሳነብም የምፈልገው እሱን ሆነ። ጋፋትን ታውቃላችሁ፤ ደብረ ታቦር አጠገብ። አፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡ ሚሲዮናውያንን እዚያ አስቀምጠው "መድፍ ሥሩልኝ" አሏቸው። ሰዎቹ የእጅ ሙያ ነበራቸው፤ እንጨት፣ ብረት፣ ግንባታ። መድፍ ግን አንዳቸውም ሠርተው አያውቁም። አናውቅም አሉ። ንጉሡ ያንን የሚሰሙ ሰው አይደሉም። እነሱ እየሞከሩ፣ የአገሬው ወጣቶች አብረዋቸው እየሠሩ፣ መጀመሪያ የሞከሩት ሳይሆን፣ ደግሞ እየሞከሩ፣ በመጨረሻ ሆነላቸው። የትልቁን የሴባስቶፖልን ታሪክ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝን፣ በሰው ጉልበት ተጎትቶ ወራት ፈጅቶ መቅደላ የወጣው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው፤ ዋናው እዚያው መቅደላ አምባ ላይ ነው።

ሰው ሲያወራ የሚያወራው ስለ መድፉ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ምድጃው ነው። እስቲ በዓይነ ህሊናችሁ አስቡት፤ አስተማሪውም ተማሪውም አንድ ምድጃ አጠገብ ቆመው ብረቱ ይፈስ እንደሆነ አብረው ይጠብቃሉ። አስተማሪው ጀርባውን አዙሮ የሚደብቀው ነገር የለውም። ምክንያቱም እሱም አያውቅም! በዚያ ምድጃ ሙያ በልብ ሊሆን አይችልም ነበር። በሁሉም ዓይን ፊት ነበር። (መድፉ ውጊያው ላይ ምን ጠቀመ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ብዙም አልጠቀመም። ያ ሌላ ወሬ ነው።)

ሁለተኛው ታሪክ ከአሜሪካ ነው፣ ግን ለኛ ቅርብ ነው። ቡከር ቲ. ዋሺንግተን በባርነት የተወለደ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 አላባማ ውስጥ ተስኪጊ በምትባል ከተማ ለጥቁሮች የሙያ ትምህርት ቤት ጀመረ። ገንዘብ የለም፣ ሕንፃ የለም። ሕንፃውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሠሩታል፣ ጡቡንም ራሳቸው ይጋግሩታል አለ። ጡብ የመጋገር ልምድ ግን አልነበራቸውም። ተማሪዎቹ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ገቡ። ብዙዎቹ ተናደዱ፤ እኛ ከጭቃ ለመሸሽ እንጂ ጭቃ ለመርገጥ መጣን ወይ አሉ። ወላጆችም ደብዳቤ ጻፉ፤ ልጃችን መጽሐፍ ይማር፣ ያውም ወፍራም መጽሐፍ፣ እናንተ አፈር ታስረግጡታላችሁ ብለው። "ወድቀሽ ነው?" የኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ!

ወደ ሃያ አምስት ሺህ ጡብ ደርድረው የመጀመሪያውን ምድጃ አነደዱ። ሳይበስል ቀረ። ሁለተኛውን አነደዱ፣ እሱም አልሆነም። ሦስተኛው ደህና ሄዶ ሄዶ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ምድጃው ተደረመሰ። ያኔ ገንዘቡም አለቀ። ዋሺንግተን ሰዓቱን ይዞ ሞንትጎመሪ ከተማ ሄደ፣ በ15 ዶላር መያዣ አደረጋት፣ በዚያ ገንዘብ አራተኛውን አነደደ። አራተኛው በሰለ። ሰዓቷን ግን ሊያወጣት ሲሄድ ጊዜው አልፎ ነበር፤ አላገኛትም።

በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ትምህርት ቤቱ አርባ ያህል ሕንፃ ነበረው። ከአራቱ በቀር ሁሉንም የሠሩት ተማሪዎቹ ናቸው። የከተማው ነጮች፣ ጥቁር መማሩን የማይወዱትም ጭምር፣ ጡብ ሊገዙ እየመጡ ከሱ ጋር ተዋወቁ። ጥሩ ጡብ ነበር፤ ጡብ ደግሞ ዘር አይጠይቅም። ይህ ሰው ብዙ የሚተችበት ነገር አለው፤ በዘመኑም የገዛ ወገኖቹ ለነጮች ይለማመጣል፣ ልጆቻችንን በእጅ ሥራ ብቻ ሊወስናቸው ነው ብለው ተከራክረውታል፣ ክርክሩም ተገቢ ነበር እላለሁ። ግን ያቺ ሰዓት! ሦስት ጊዜ ተማሪዎቹ ፊት የከሸፈ ሰው፣ ሰዓቱን ለአራተኛ ሙከራ አስያዘ። ከእናንተ መካከልም የብየዳ ኤሌክትሮድ ሲያልቅ ከኪሱ የሚገዛ እንዳለ አውቃለሁ። ባለቤቶቻችሁም ያውቃሉ።

እዚያው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1896 ሌላ አስተማሪ መጣ፤ ጆርጅ ዋሺንግተን ካርቨር። እሱም ባሪያ ሆኖ ነው የተወለደው። የግብርና ሰው ነው። ገበሬው ወደ ትምህርት ቤት መምጣት ካልቻለ ትምህርት ቤቱ ይሂድለት ብሎ እ.ኤ.አ. በ1906 ጋሪ አሠራ። ማረሻ፣ ዘር፣ ማዳበሪያ ተጭኖበት በየገበሬው ደጃፍ ይዞር ነበር።

ይህ ምን ይመስላችኋል? የናንተው የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ነው እኮ። ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ፣ የቴክኒክ ክህሎት፣ ቴክኖሎጂ፣ ሥራ ፈጠራ ብላችሁ ወደ እኛ ወደ ጥቃቅኖቹ የምትመጡት። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ አንዱ አሰልጣኝ ወርክሾፔ ሲመጣ ደስ አላለኝም። ወጣት ልጅ ነው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ጥግ ላይ ቆመ። ግማሽ ቀን ምንም አልተናገረም። ግብር ቆጣሪ ነው የመሰለኝ። ከሰዓት በኋላ "እትዬ፣ ዛሬ መሮ ፍለጋ ስንት ጊዜ የተነሱ ይመስልዎታል?" አለኝ። "አምስት፣ ስድስት" አልኩ። ሠላሳ አንድ ጊዜ ቆጥሯል። ሠላሳ አንድ! በማግስቱ እሱና ልጆቼ ሆነው ግድግዳው ላይ ኮምፔንሳቶ ሰቀሉ፤ የእያንዳንዱን መሮ፣ መዶሻ፣ መላጊያ ቅርፅ በቀለም ሳሉበት፤ ዕቃው ከሌለ ባዶ ቅርፁ ይታያል። ማታ ስንዘጋ የጎደለውን በዓይን እናያለን። የወሰደብን ጊዜ ሁለት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ መሮ ጠፍቶብን አያውቅም፤ አንዴ ልጄ ለሸንኮራ መላጫ ወስዶት ከተገኘው በስተቀር።

ስለ ጉሉ ደግሞ ትንሽ ልበል። ሰሜን ዩጋንዳ ነው። ሲስተር ሮዝሜሪ ኒሩምቤ የምትባል መነኩሲት አለች። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ጉሉ ላይ የልብስ ስፌት ማሰልጠኛ ትመራለች። የጌታ ታጣቂዎች የሚባሉት አማፅያን ጠልፈዋቸው፣ ጫካ ውስጥ ወልደው የተመለሱ ልጃገረዶች ነበሩ። ዘመድ አይፈልጋቸውም። እሷ በሬዲዮ ጠራቻቸው፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ አለች። መጡ። ሲንጀሩ በአንድ በኩል፣ ሕፃናቱ በሌላ በኩል። ሰው የሚጥለውን የለስላሳ ቆርቆሮ መክፈቻ ቀለበት እየሰበሰቡ፣ በክር እያያያዙ የሴት ቦርሳ ይሠሩበታል፤ ቦርሳው ውጭ አገር ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲኤንኤን ጀግና ብሎ መረጣት፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ታይም መጽሔት ከዓለም መቶ ተፅዕኖ ፈጣሪዎች አንዷ አላት። እኔ ከሽልማቷ ይልቅ "ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ" የሚለው ነው የሚገርመኝ። ስንት ሴት ሰልጣኝ ነው እኛ ጋ ልጅ የሚይዝላት አጥታ ሦስተኛው ወር ላይ የምትቀረው? እናንተ ታውቃላችሁ።

ሩቅ አገር እየሄድሽ ነው እንዳትሉኝ፣ እዚሁ ልመለስ። ጅማ እኮ የሙያ ትምህርት እንግዳው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት እዚህ ተከፈተ፤ ከኦክላሆማ የመጡ አስተማሪዎች ነበሩበት። ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ያለበት ነው። ሐረማያ ራሱ ሕንፃው እስኪያልቅ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ያስተማረው ጅማ ነው። ሐረማያዎች ሲኮሩብን ይህችን አስታውሷቸው።

ከዚያም በፊት በርጩማችን አለ። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው፣ ባለ ሦስት እግሩ፣ ሚስማር የለው ኮላ የለው። ጋሼ አንድ ጊዜ አንድ በርጩማ ሠሪ አባት ከገጠር አምጥተው ክፍላችን ውስጥ አስቀመጧቸው። ሰውየው አማርኛ ብዙም አይችሉም፣ ማንበብም አይችሉም። ጋሼ አስተርጓሚ ሆኑ። አባ መጥረቢያ እንጂ ሜትር አልያዙም፤ በስንዝርና በጣት ይለካሉ። አንዱ ተማሪ "ለምን አራት እግር አያደርጉለትም?" አለ። ጋሼ ተረጎሙላቸው። አባ ሳቁ። ውጪ ሣሩ ላይ አውጥተው አንድ ባለ አራት እግር የክፍል ወንበርና የራሳቸውን በርጩማ ጎን ለጎን አስቀመጡ። ወንበሩ ይወዛወዛል። በርጩማው ቀጥ። ሦስት እግር የትም ቦታ መሬት ያገኛል፤ አራተኛው ነው የሚያስቸግረው። ይህን ነገር በሒሳብ ክፍል ተምረን ነበር፣ ሦስት ነጥብ ምናምን ተብሎ፤ ያን ቀን ነው የገባን። ጋሼ ያን ቀን ከኛ ጋር ቁጭ ብለው ማስታወሻ ሲይዙ አየሁ። ክፍላቸው ውስጥ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው አምጥተው አስተማሪ ማድረግ... ስንቶቻችን እንደፍራለን?

አንድ ቅሬታም አለኝ፤ ዛሬ ካልተናገርኩ መቼ እናገራለሁ። የትብብር ስልጠና የሚባለው፣ ሰልጣኙ ድርጅት ገብቶ ሥራ ላይ የሚለማመድበት ነገር። ወረቀቱ ላይ ያማረ ነው። እኔ የተመደብኩበት ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ አንድ ወር ሙሉ ሰጋቱራ አስጠረገኝ፣ ቡና አስፈላኝ። ወንዶቹ ማሽን ላይ፣ እኔ ጀበና ላይ። ጋሼ ለክትትል በእግራቸው መጡ። አቦል ቀዳሁላቸው፤ ጠጡ። ባለቤቱን "ይቺ ልጅ ምን ሠራች?" አሉት። "ቡናዋ አንደኛ ነው!" አለ ሰውየው፣ ሊያመሰግነኝ ፈልጎ። ጋሼ ስኒውን አስቀመጡ። "እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ቡናውን እኔ መጥቼ አፈላለሁ፣ እሷን መላጊያው ላይ አድርግልኝ" አሉ።

ቀልድ መሰለው። በማግስቱ መጡ። ቆሉ፣ ወቀጡ፣ አፈሉ። በሁለተኛውም ቀን መጡ። ሽበታም አስተማሪ ጀበና ሲያርገበግብ እያየ ማን ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ይጠጣል? በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ራሱ እጄን ይዞ ማሽኑ ጋ ወሰደኝ። ቡናቸው፣ ይቅርታ ጋሼ፣ አይጠጣም ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ነገር የትኛውም ሪፖርት ላይ አይገባም። ሪፖርቱ የሚጠይቀው ስንት ሰልጥኖ ስንት ሲኦሲ፣ የብቃት ምዘናውን ማለቴ ነው፣ እንዳለፈ ነው። እሱም ይጠየቅ፣ ክፋት የለውም፤ የምስክር ወረቀቱ ጠቅሞኛል፣ ብድር ስጠይቅ እሱን ነው ያሳየሁት። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ቢጨመር ደስ ይለኛል፤ ያሰለጠናችኋቸው ልጆች ዛሬ ማንን እያሰለጠኑ ነው? እኔ ጋ ሁለት ልጆች አሉ። አንዷ ከአጋሮ የመጣች ናት። ባለፈው ሳምንት አንድ ጣውላ አበላሽታ ስታለቅስ አገኘኋት፤ ሳላስበው ሜትሩን ሰጠኋትና "ስንት ነው?" አልኳት። ከአፌ የወጣው ድምፅ የኔ አይደለም። የጋሼ ነው።

እሺ፣ ሰዓት አለቀ እያሉኝ ነው። ሳጥኑን ልክፈት።

ይህ የጋሼ መሳቢያ ነው። ጡረታ ሲወጡ ለኔ ሰጡኝ። ይህቺ ከኔ መወለድ በፊት የተበላሸች ናት። ይህቺን እዩ፣ ኮላው ሳይደርቅ ተቸኩሎ የተፈታ፤ "ለምሳ ስቸኩል" ይላል፣ በእሳቸው እጅ። ይህቺ የኔዋ ናት፤ ዘጠኝ ሚሊ። "ሦስቱ ጫማዬ ላይ ነው" ይላል። ቀለሙ ደብዝዟል ግን ይነበባል። ይህቺ የአጋሮዋ ልጅ ናት፣ የባለፈው ሳምንቷ።

ይህቺ ደግሞ የማክሰኞ ናት። የኔ። የበር ፍሬም ማዕዘን ነው። እንጨቱ ደርቋል፣ ልኩ ልክ ነው፣ ኮላው አዲስ ነው፣ መስመሩን አልበላሁም፤ በሦስተኛው ቀን ተከፈተ። ምክንያቱን ገና አልጻፍኩባትም፤ አላወቅኩትማ። ጋሼንም ጠየቅኳቸው፣ ደጋግመው አገላብጠው አይተው "እኔም እንጃ" አሉኝ።

ሻይ ሲደርስ ኑና እዩአት። ቀዩ እስክሪብቶ ይኸው፣ ሳጥኑ ውስጥ ነው።